ኡስታዙ ዛሬ ምን በላ?

ናስራ ከቢርን ያወቅኋት ሶባ ነው። ሶባ ከካርቱም በስተደቡብ ምሥራቅ ያለ ሰፈር ነው፤ ሀፍላ የሚባለው አውቶቡስ አንድ ሰዓት ተንገጫግጮ ይደርስበታል። በአንድ ሆሽ፣ ማለት በአንድ የጭቃ አጥር ግቢ ውስጥ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ስድስት ዓመት ኖረናል። ግቢው ሰባት ክፍል፣ አንድ የኒም ዛፍ፣ የባለቤቲቱ ቴሌቪዥንና ዚር የሚሉት ትልቅ የውሃ ጋን ነበረው።

ናስራ የባቲ ልጅ ናት። ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው ካርቱም የገባችው። ይህ የማጫውታችሁ ነገር ሲሆን ደግሞ ፈረንጆቹ ሁለት ሺህን ካለፉ ቆይተው ነበር፤ እሷም ወደ አርባ ተጠግታለች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ከፊቷ ያለውን ሰው አስበርግጋ መንገድ የምታስለቅቅ ሴት ናት። ሥራዋ ዐማራት በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ አርባ አንድ ቁጥር መንገድ ላይ፣ ኡስታዝ ሂሻም የሚባል የመንግሥት ሹም ቤት ምግብ ማብሰል ነበር። እኔም እዚያው ዐማራት አንድ ካፌ ውስጥ ሳህን አጥብ ስለነበር ጠዋት አብረን ወጥተን ከሰዓት በኋላ አብረን እንመለስ ነበር።

ስለ ናስራ ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ያየችውን ሳትጨምር ሳትቀንስ የምትናገር መሆኗ ነው። ሠርግ ሄዳ ስትመለስ «ሙሽራዋ እንዴት ነበረች?» ብለን እንጠይቃታለን።

«ጫማዋ ጠቧታል፤ ስታነክስ ነበር የዋለችው» ትላለች።

«አማረባት ማለት ምን ይጎዳሽ ነበር?»

«ሲያምርባት አላየሁማ!»

በዚህ ጠባይዋ ሦስት ሠርግ ሳትጠራ ቀርታለች። እሷ ግን ደንታም አልሰጣት።

በዚያው ሆሽ ጋሼ ሰሎሞን የሚባል ሰውም ነበር። አገር ቤት የታሪክ መምህር የነበረ፣ በቀይ ሽብር ጊዜ በመተማ በኩል በእግሩ የወጣ ስደተኛ ነው። ካርቱም ውስጥ የሰው ማመልከቻ እየተረጎመና እየጻፈ ይኖራል። በሃይማኖት የማርያም ወዳጅ ነው፤ በፖለቲካ ግን የማንም ወዳጅ አልነበረም። «ሦስት መንግሥት ዋሽቶኛል» ይላል፣ ጣቱን እየቆጠረ፤ «አራተኛውን ሳልሰማው ነው የማልፈው።» ሬዲዮ ሲከፈት ግን ከሁሉ ፊት የሚቀመጠው እሱ ነው። ደግሞ ወሬው ካለቀ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ውሸቱን ከፋፍሎ ያስተምረናል።

የዚያ ዓመት ክረምት ከፋ። ካርቱም ዝናብ የለመደ ከተማ አይደለምና ሲዘንብ ውሃው የሚሄድበት የለውም። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ከመንገዱ፣ መንገዱ ከግቢው ተቀላቀለ። በሁለተኛው ሳምንት በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመጡልን ዐም ሙስዐብ ጠዋት ታመሙና ከሰዓት በኋላ ሞቱ። ማስታወክና ማስቀመጥ ነበር። ትልቅ፣ ጠንካራ ሰው፣ በግማሽ ቀን ደርቀው እንደ ልጅ አነሱ። ያጠቧቸው ሰዎች የበሽታውን ስም አልጠሩም፤ ግን ሰፈርተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ሬዲዮው ደግሞ «የዝናብ ወቅት ተቅማጥ ነው፤ ውሃችን ንጹሕ ነው፤ ወሬ አትስሙ» ይላል። ኮሌራ የሚለው ቃል ከሬዲዮው ውስጥ ተለቅሞ የወጣ ይመስል ነበር።

ያንን ለሕዝብ የሚያነበው ሰው ማን መሰላችሁ? የናስራ አሠሪ፣ ኡስታዝ ሂሻም። ስለ ጤና የሚወጣውን መግለጫ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ማንበብ ሥራው ነበር። ወፍራም፣ ሰላማዊ፣ ድምፁ እንደ ቅቤ የለሰለሰ ሰው ነው። ለናስራ ክፉ ሆኖ አያውቅም፤ በዒድ ጊዜ ለእሷ ለብቻዋ ሥጋ ያስመርጥላት ነበር።

አንድ ዓርብ፣ የእረፍት ቀን ነውና፣ ሁላችንም ከኒሙ ጥላ ሥር ቴሌቪዥኑን ከበን ተቀምጠናል። ኡስታዝ ሂሻም ወጣ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጆግና አንድ ብርጭቆ አለ። ስለ ውሃው ንጽሕና ካስረዳ በኋላ ፈገግ ብሎ ከጆጉ ቀዳና «ይህ የካርቱም የቧንቧ ውሃ ነው፤ ቢስሚላህ!» ብሎ ጭልጥ አደረገው።

ናስራ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና ስትል ትሪው ከጭኗ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ውይ! የኔ ጆግ!»

«የምን ጆግ?» አለች ስንቅነሽ። ስንቅነሽ የሀፍላው ማቆሚያ ላይ ሻይ የምትሸጥ፣ ከናስራ ጋር አንድ ክፍል የምትጋራ ሴት ናት።

«እጀታውን አታይም? ተሰብሮ በቀይ ክር የጠመጠምኩት እኔ ነኝ! ውሃውንም ትናንት ጠዋት እኔ ነኝ ያፈላሁት። ‹ይንተክተክ፣ ደግመሽ አንተክትኪው› እያለ ከራሴ ላይ ቆሞ ነው ያስፈላኝ። አቀዝቅዤ በዚህ ጆግ ቀድቼ ለቤቱ ሾፌር ሰጠሁት።»

ጋሼ ሰሎሞን ቀስ ብሎ ተነሣ፤ ሠላሳ ዓመት የጠበቀው ቀን እንደ መጣለት ሰው።

«ናስራ» አለ፣ «ይህን በደንብ ንገሪኝ። ቤቱ ውስጥ ሌላስ ምን ይደረጋል?»

«ጅርጅር፣ ያ ጥሬውን የሚበሉት ቅጠል፣ ከገበታ ተነሥቷል። ዓሣ አይገባም። በረዶ ከሱቅ አይገዛም። ልጆቹ ጥርሳቸውን የሚያጥቡት እንኳ በፈላ ውሃ ነው። ሲት አሚናማ ሎሚውን ሳይቀር በሳሙና ታሳጥበኛለች።» ሲት አሚና የሹሙ ሚስት ናት።

ያን ዕለት በሶባ ከሰል ጠፋ። ሰው ሁሉ ውሃ ሲያፈላ ዋለ።

ከዚያ በኋላ የናስራ ኑሮ የራሷ መሆኑ ቀረ። ሥራ ጨርሳ ሀፍላው ላይ ስትወጣ፣ ገና አንድ እግሯ መሬት ላይ ሳለ፣ ከውስጥ ሐበሻውም ሱዳኑም በአንድ አፍ «ዛሬ ምን በላ?» ይላል። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ይዞራል። ናስራ ቆማ እንደ ምስክር ትናገራለች፦ «ፉል በልቷል፤ በደንብ የፈላ። ሽንኩርቱ የበሰለ ነው። ሐብሐብ ከጎረቤት ተልኮለት መልሶታል።» ሐብሐብ የያዙ መንገደኞች ሐብሐባቸውን ወደ ወንበር ሥር ይገፋሉ። «ያላ» ይላል ሾፌሩ፣ ሀፍላው ይነሣል። ሬዲዮውን ማንም አይከፍትም። የሰፈሩ ሰው የኡስታዙን ቃል ትቶ የኡስታዙን ገበታ ማመን ጀመረ። እንዲያውም ደኅና ነገር ሆነ፤ በእኛ ረድፍ ካሉት ግቢዎች በዚያ ወር የታመመ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እንዲሉ፣ አንድ ማክሰኞ ናስራ ሀፍላ ላይ ወጥታ፣ እንደ ልማዷ ያየችውን ተናገረች። «ዛሬ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣ።»

«ያለ ስኳር?» አለ ሾፌሩ።

«ያለ ስኳር። ሲት አሚና ስኳሩን ከጠረጴዛ አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።»

ይህን የመጨረሻውን ቃል የሰማት የለም። በማግሥቱ ሶባ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ ነበር። የሱዳን ሰው ሻይ ማለት ስኳሩ ነው፤ ማንኪያ ቢያቆሙበት አይወድቅም። እሬቱን እየተጎነጩ ፊታቸው እንደ አሮጌ ቁርበት የተጨማደደ ሽማግሌዎች በየማቆሚያው ተቀምጠው «አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስ ይበልጣል» ይባባላሉ። በሦስተኛው ቀን «ስኳሩ ከውጭ ሲመጣ ነው በሽታውን ይዞ የገባው» የሚል ወሬ ከኦምዱርማን ገበያ ተነሥቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ወደ እኛው ተመለሰ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ማለት ይህ ነው።

በአራተኛው ቀን ስንቅነሽ የሻይ ማንቆርቆሪያዋን እንደ ዱላ ይዛ ግቢ ገባች። «ደንበኛ የሚባል የለኝም! ጠጥተው ፊታቸውን ያጨማድዱና ነገ አይመለሱም። አንቺ ሴትዮ፣ ሂጂና ለምን እንደተወው ጠይቂልኝ!»

ናስራ በማግሥቱ ሲት አሚናን ጠየቀቻት። ሲት አሚና ሳቀች። ሐኪም የኡስታዙን ደም መርምሮ የስኳር በሽታ እንዳለበት ነግሮት ኖሯል። ከዚህ ከወረርሽኙ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ናስራ እፎይ ብላ ወደ ሀፍላው ሮጠች። «ሰዎች! ስኳር ጠጡ! የራሱ የስኳር በሽታ ነው! ተሳስታችኋል!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት በሐዘኔታ ራሷን ነቀነቀች። «አስፈራርተዋታል፣ ምስኪን።»

«ወላሂ ማንም አላስፈራራኝም!»

«እንዲህ በይ ብለዋት ነው» አለ ሾፌሩ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ተይ እህቴ፣ ገብቶናል። አትድከሚ።»

ናስራ ያን ቀን ምን እንደተሰማት ከዓመታት በኋላ ነግራኛለች። ልጅ ሆና ጅብ አይታ ጮኻ፣ አባቷ አላምን ብለዋት ያውቃሉ፤ ያ እንኳ እንዲህ አላቃጠላትም። እውነት ይዞ አለመታመን ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባት። በማግሥቱ ጠዋት ናስራ ማቆሚያው ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ ስንቅነሽ አምስት ማንኪያ ስኳር የጨመረችበትን ሻይ ጠጣች። ከዚያም ሌላ። ከዚያም ሦስተኛ። ሻይ እንደዚያ የማትወድ ሴት ናት፤ ሦስተኛውን የጨረሰችው ዓይኗን ጨፍና ነው። ሀፍላው እስኪሞላ ቆመው አዩዋት። ሳትወድቅ ስትቀር አንድ ሽማግሌ «እስቲ ለእኔም አንድ፣ በስኳር» አለ። ስንቅነሽ እልል አለች።

ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። ሬዲዮው አንድ ቀን ድንገት «ውሃ አፍሉ፤ የውሃ ማከሚያ ክኒን በነጻ ይታደላል፤ በሶባም የሕክምና ድንኳን ተተክሏል» ማለት ጀመረ። የበሽታውን ስም አሁንም አልጠራም። «ለጥንቃቄ ያህል ነው» አለ።

ሰውም «እንግዲህ ምን አስበውልን ነው?» አለ። ትናንት በሽታ የለም ያለ መንግሥት ዛሬ የሌለውን በሽታ መድኃኒት በነጻ ሲያድል ማን ይቀበላል? ክኒኑን በመኪና ይዘው ሲመጡ በሮች ሁሉ ተዘጉ። ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረን። ድንኳኑ ውስጥ ስም ይመዘገባል አሉ፤ ስም ከተመዘገበ ደግሞ ከሻ ነው፤ ከሻ የሚሉት የፖሊስ አፈሳ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ ከተቅማጥ ይልቅ ከሻን ይፈራል።

ጋሼ ሰሎሞን ግን ከሁላችንም ባሰ። እስከዚያ ቀን በናስራ ቃል ውሃውን እያፈላ ይጠጣ የነበረ ሰው፣ ሬዲዮው «አፍሉ» ባለበት ዕለት ከሰሉን አጠፋ።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለችው ናስራ።

«ሠላሳ ዓመት መንግሥት ያለውን ገልብጬ አድርጌ ነው በሕይወት የቆየሁት። አሁን አልጀምርም።»

«እንዴ! እኔ አፍሉ ስል እኮ ሲያፈሉ ነበር!»

«ያኔ እነሱ አላሉማ!»

ይህ ሁሉ ታሪክ የተማረ ሰው ነው እንግዲህ። ከዚሩ ውሃ በጣሳ ቀድቶ፣ እኛን እያየ፣ ደስ ብሎት ጠጣ። በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ታመመ። ረፋድ ላይ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ የእጁ ቆዳ ሲቆነጠጥ አልመለስ አለ። ናስራ ዐም ሙስዐብን አይታቸው ነበርና ጊዜ አላጠፋችም። ወጥታ የውሃ ጋሪ አስቆመች፤ በርሜሉን አስወረደች፤ እኔና ስንቅነሽ በአንሶላ አንሥተን ጫንነው።

«ድንኳኑ ጋ አትውሰዱኝ» ይላል ጋሼ ሰሎሞን በደከመ ድምፅ። «ስሜን ይመዘግባሉ።»

«ካልተመዘገቡ እኛ በድንጋይ ላይ እናስጽፈዋለን!» አለችው ናስራ፣ አህያውን እየገፋች።

ድንኳኑ ውስጥ ሃያ አልጋ ተደርድሮ አንድም ሰው አልተኛበትም። አንዲት ወጣት ሱዳናዊት ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። ጋሪያችንን ስታይ እንግዳ እንደመጣላት ባለቤት ብድግ ብላ ሮጠች፤ ድንኳኑ ከተተከለ ጀምሮ በሽተኛ ስትጠብቅ ኖራለች። ወዲያው የደም ሥር ፈልጋ መርፌ አነሣች። ጋሼ ሰሎሞን ግን እጁን ደረቱ ላይ ሰበሰበ።

«በመጀመሪያ ስሙን ይንገሩኝ» አለ በዐረብኛ።

«የማንን ስም?»

«የበሽታውን። በማላውቀው በሽታ አልታከምም።»

«አባቴ፣ ሊሞቱ እኮ ነው!»

«ስሙን!»

ሐኪሟ ወደ ድንኳኑ በር አየች። ከእኛና ከአህያው በስተቀር ማንም አልነበረም። ጎንበስ አለችና በጆሮው «ኮሌራ» አለችው።

ጋሼ ሰሎሞን ዓይኑን ጨፈነ። «ተመስገን!» አለ፣ «በስተመጨረሻ!» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ሰባት ከረጢት ውሃ በደም ሥሩ ገባ። ስሙን ሲጠይቁት ስሙን ብቻ ጻፉ፤ ወረቀት አልጠየቁትም፤ ፖሊስም አልመጣም። ወደ ማታ ላይ ተነሥቶ ስለ ሾርባው ጨው ማነስ ሲነታረክ ናስራ አጠገቡ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ከዚያ በኋላ ትሰድበው ጀመር።

ሐኪሟ ስትሸኘን «ሰውን አምጡልኝ» አለች። «እኔ ብናገር አይሰሙኝም። ደመወዝ የምበላው ከመንግሥት ነዋ።»

ናስራ በማግሥቱ ዐማራት ስትገባ ኡስታዝ ሂሻም ማድቤት በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። እንደዚያ ተቆጥቶ አይታው አታውቅም።

«አንቺ ናስራ! የቢሮዬ ዘበኛ ትናንት ‹ኡስታዝ፣ ስኳርዎ እንዴት አደረ?› አለኝ። ለእናቴ እንኳ ያልነገርኩትን! ሰውዬው የት ነው የሚኖረው ብል፣ ሶባ!»

ናስራ አበቃልኝ ብላለች። ሥራው ሄደ፤ ምናልባትም ወደ ድንበር። ግን መዋሸት አልቻለችም። ጆጉን፣ ሀፍላውን፣ ጅርጅሩን፣ ስኳሩን አንድ በአንድ ነገረችው። ሲት አሚና ከጀርባ ስትሰማ ቆይታ፣ ሽማግሌዎቹ መራራ ሻይ ጠጡ የሚለው ጋ ሲደረስ በሻሿ አፏን ይዛ ከሳቋ ጋር ታገለች።

«አልዋሸሁም እኮ» አለ ኡስታዙ፣ ቁጣው ወደ ኩርፊያ ወርዶ። «ውሃው ከቧንቧ የመጣ ነው።»

«ልክ ነው። ከቧንቧ መጥቶ ግን በምድጃ በኩል አልፏል። የምድጃውን አልተናገሩም።»

ኡስታዙ በርጩማ ስቦ ከማድቤቷ ውስጥ ተቀመጠ። «ወረቀት ይሰጡኛል፤ አነባለሁ» አለ። «አራት ልጅ አለኝ፣ ናስራ። ያንን ስም በአፌ ብጠራ በማግሥቱ እቤቴ ነኝ።»

«ስሙን ማን ጠየቀዎት?» አለችው። «ይምጡና ይጠጡ፤ ሌላ አንፈልግም። ከእኛ ዚር፣ ክኒኑን ጨምረን፣ ሰዉ እያየ።»

«ሶባ? እኔ?»

«ይሄዳል!» አለች ሲት አሚና ከበሩ። «እኔም እሄዳለሁ።»

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጡ። እሱ ነጭ ጀላቢያ ለብሶ፣ ጥምጥም አሥሮ፤ እሷ የአበባ ቶብ ተከናንባ። ሆሹ ሞልቶ አጥሩ ላይ ሰው ተሰቅሏል። ከባለቤቲቱ ቤት የገመድ አልጋ ወጥቶ ተቀመጡ። ናስራ ዚሩን ከጋሪው ውሃ አስሞልታ፣ ከድንኳኑ ያመጣቻቸውን ክኒኖች ከፍ አድርጋ ለሕዝቡ አሳይታ ጨመረች። ከዚያ ጠበቁ። ኡስታዙ ጥቂት ቆይቶ ወደ ናስራ ጎንበስ አለና በሹክሹክታ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አላት?» ብሎ ጮኸ ሕዝቡ።

ናስራ መደበቅ አታውቅ። «ግማሽ ሰዓት ሞልቷል ወይ ነው ያለኝ! ክኒኑ ሳይቆይ አይሠራም!»

«አሃ!» አለ ሰዉ። «ግማሽ ሰዓት!» ክኒን አዳዩ መኪና ላይ የተለጠፈው ወረቀት በዚያ ሁሉ ቀን ያላስተማረውን ያን ቅጽበት ሁሉም ያዘው።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ቀድታ ሰጠችው። ቢስሚላህ ብሎ ጠጣ። ፊቱ ተጨማደደ።

«መርዝ ነው! ፊቱን እዩት!» አለች አንዲት አሮጊት ከአጥሩ ላይ።

«ጣዕሙ ነው እማማ!» አለች ናስራ። «ቀምሼዋለሁ፤ የልብስ ማንጫ ነው የሚመስለው። መጥፎ ነው። ግን አይገድልም።»

ኡስታዙ ጽዋውን አስቀምጦ ሊነሣ ሲል የሀፍላው ሾፌር ትከሻውን በትሕትና ያዘው። «ኡስታዝ፣ ትንሽ ይቆዩልን። በሽታው ወዲያው አይደለም የሚይዘው።»

«እስከ መቼ?»

ተመካከሩ። እስከ ዐስር ሶላት፣ ማለት እስከ ከሰዓት በኋላው ጸሎት፣ ተባለ። ጋሼ ሰሎሞን ከታመመ ወዲህ ሱሪው እየወረደበት በአንድ እጁ ይዞታል፤ በሌላው እጁ ሰዓቱን ይዞ ሰዓት ጠባቂ ሆነ። ኡስታዝ ሂሻም በዚያ ወበቅ ተቀመጠ። ጥምጥሙን ፈታ። ላቡ በጀላቢያው ላይ ካርታ ሠራ። ሰዉ አፍጥጦ ያየዋል፤ እሱም ሰዉን ያያል፤ የሚያነበው ወረቀት የለውም። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ከተቀመጠ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቀው መናገር ጀመረ። ድምፁ እንደ ቴሌቪዥኑ አልነበረም።

«እኔ ቤት ውሃ ይፈላል» አለ። «ናስራ የነገረቻችሁ እውነት ነው። ልጆቼ ያልፈላ አይጠጡም። እናንተም ልጆች አላችሁ። ከሰል ካጣችሁ ይህን ክኒን ጨምሩ። የታመመ ወደ ድንኳኑ ይሂድ፤ ዛሬ፣ አሁን። የሚሰጡኝን ወረቀት ነገም አነባለሁ፤ እናንተ ግን ቤቴ የሚደረገውን አድርጉ።»

ማንም አላጨበጨበም። ግን የዐስር አዛን ሲሰማ ያችው አሮጊት ከአጥሩ ወርዳ መጣችና ከዚሩ ቀዳች። ፊቷን አጨማድዳ ጠጣች። ከዚያ ሰልፍ ሆነ። በሳምንቱ የድንኳኑ ሃያ አልጋ ሞልቶ ሐኪሟ ምንጣፍ አስነጠፈች። ከገቡት አንድ ሽማግሌ ብቻ ሞቱ፤ የቀሩት በእግራቸው ወጡ። ዝናቡም ቆመ፤ በሽታውም እየሳሳ ሄደ።

ኡስታዝ ሂሻም ከቴሌቪዥን ጠፋ። የሶባው ነገር የበላዮቹ ጆሮ ገብቶ፣ አሮጌ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል ኃላፊ አደረጉት። ሲት አሚና «እንዲያውም ድምፁ አረፈለት» ትላለች። በእሱ ቦታ ሌላ ሹም ወጣ፤ ቀጭን፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም ነገር የማያስቀምጥ። ናስራ እዚያው ቤት መሥራቷን ቀጠለች።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ከአንድ የጤና ቢሮ ናስራን ፈልጎ ሆሻችን መጣ። ቢጫ ሰደርያና ፎቶ የሚለጠፍበት መታወቂያ ይዟል። «የሰፈሩ የጤና መልእክተኛ ትሆኛለሽ፤ ደመወዝም አለው» አላት። መታወቂያው ማኅተም ነበረው። ለእኛ ዓይነት ሰው ማኅተም ያለው መታወቂያ ምን ማለት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም፤ እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ በመስኮት እያየሁ ምራቄን ዋጥሁ።

ናስራ ሁለት ቀን አሰበችበት። ጋሼ ሰሎሞን እንዳትቀበይ አላት። ስንቅነሽ ካልተቀበልሽ አብደሻል አለቻት። ሰውዬው ሲመለስ ናስራ ሻይ አቀረበችለትና መልሷን ሰጠችው።

«ወንድሜ፣ ከእናንተ ደመወዝ ከበላሁ ነገ ሀፍላ ላይ የምለውን ማን ያምነኛል? ያቺን ሐኪም አላያችኋትም?» ማኅተሙን አየት አድርጋ፣ «መታወቂያውን ብቻ፣ ያለ ደመወዙ፣ አትሰጡኝም?» አለችው።

ሰውዬው እንዲያ ያለ አሠራር የለም አላት። «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለችው፣ ሻዩን እየጨመረችለት። ወዲያው ስንቅነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ «እኔ እሆናለሁ! እኔን ድሮም የሚያምነኝ የለም!» አለች።

ቢጫው ሰደርያ ሰፍቷት በመርፌ አጠበበችው። ጎበዝ ሠራተኛም ወጣት። ናስራ ግን ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓቱ ሀፍላ፣ ከእኔ አጠገብ፣ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ዐማራት ሄደች።